ካርዱ የማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገር ሰው ሲተርት። ተረቱ የተነገረው ለታማሚው ነው። ኀፍረቱን ትቶ፣ ገበናውን ገልጦ፣ ሌሊት ሲያቃዠው ያደረውን ትኩሳትና ለትዳር ጓደኛው እንኳ ያልነገረውን ቁስል ለሐኪሙ እንዲያወጣ ያዘዋል። ታማሚውም ታዞ ኖሯል። ይሁን እንጂ ተረቱ ወደ ሌላው ወገን ዞሮ አያውቅም። ታማሚው ከገለጠ በኋላ ሐኪሙ ያየውን፣ የሰማውንና የጻፈውን ለማን ይገልጣል? ከማንስ ይሰውራል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት ከሌለው፣ የበሽተኛውን ነገር ከበሽተኛው የደበቀስ ምን ይባላል?

ይህ ጥያቄ ዛሬ አዲስ መልክ ይዞ መጥቷል። መልኩን የሰጠው «የኤሌክትሮኒክ የግል ጤና መዝገብ» የሚባለው አሠራር ነው። ስሙ እንዳያደናግር ከወዲሁ መለየት ያሻል። ሆስፒታሉ ወይም ጤና ጣቢያው በኮምፒዩተር የሚይዘው የሕክምና ማኅደር አንድ ነገር ነው፤ የሚጽፈውም የሚጠብቀውም ተቋሙ ነው። የግል ጤና መዝገብ ግን ባለቤቱ ታካሚው ራሱ ነው። የክትባቱን፣ የወሰደውን መድኃኒት፣ የማይስማማውን መድኃኒት፣ የላቦራቶሪ ውጤቱን፣ የደም ግፊቱንና የስኳሩን ልክ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተር ከፍቶ ያያል፤ በቤቱ የለካውን ይጨምርበታል፤ ለማን እንደሚያሳይም እርሱ ይወስናል። በፊተኛው መዝገብ ታካሚው የሚጻፍበት ብቻ ነው፤ በኋለኛው ግን ያነባል፣ ይጽፋልም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመሣሪያ ልዩነት ያልፋል፤ የሥልጣን ልዩነት ነው።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ከካርድ ክፍል መስኮት መጀመር ይበጃል። በማለዳ የተሰለፈው ሕዝብ ቁጥር የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ይዞ ይጠብቃል። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በመደርደሪያዎቹ መካከል ይመላለሳል። አንዳንዱ ካርድ ይገኛል፤ አንዳንዱ ከሐኪም ጠረጴዛ አልተመለሰም፤ አንዳንዱም የት እንደገባ አይታወቅም። «አዲስ ካርድ ይውጣልዎ» ይባላል። አንዲት ሰው በአንድ ሕይወት ሦስት ካርድ ታወጣለች፤ በእያንዳንዱም ዛሬ የተወለደች ትመስላለች። ከዚያም ተራዋ ደርሶ ከሐኪሙ ፊት ትቀመጣለች።

«እማማ፣ ከዚህ በፊት ለግፊቱ ምን ይወስዱ ነበር?»

«ነጯን ክኒን ነዋ፣ ልጄ።»

«ስሟን ያውቋታል?»

«ስሟንማ እናንተ ናችሁ የምታውቁት። ካርዱ ላይ ተጽፏል።»

«ካርዱ ጠፍቷል።»

ይህች አጭር ጭውውት በመድረክ ብትታይ ታዳሚው ይስቅባት ይሆናል። ነገር ግን ነጭ ክኒን ብዙ ነው። ሐኪሙ በግምት ይጀምራል፤ የታዘዘው መድኃኒት ተደግሞ ይታዘዛል፤ የማይስማማት መድኃኒት እንደገና ይሰጣት ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ መባል ያለበት «እናንተ ናችሁ የምታውቁት» የሚለው ቃል ነው። እኚህ እናት የከብቶቻቸውን ዘር እስከ ሦስት ትውልድ ይቆጥራሉ፤ ማን ከማን እንደተጋባ፣ የትኛው መሬት በማን እጅ እንደነበረ ያውቃሉ። የገዛ ደማቸውን ግፊት ልክ ግን አያውቁም። ይህ አለማወቅ ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም፤ የራሳቸው ነገር የራሳቸው እንዳልሆነ በብዙ ምልልስ ስለተማሩ ነው።

ትምህርቱ ከዘመናዊ ሕክምና በፊት ይጀምራል። የባህል ሐኪሙ ኃይል ከዕውቀቱ ያህል ከምስጢሩም ይመነጭ ነበር። ሥር ማሹ ቅጠሉን ሰው ሳያየው ይለቅማል፤ ቀምሞ ይሰጣል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም፤ ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል ተብሎ ይታመናል። ዕውቀቱንም የሚያወርሰው ለመረጠው ልጁ ነው። ለዚህ ምክንያት አልታጣለትም። መድኃኒተኛው የሚተዳደረው በዚያው ነው፤ ያላዋቂ እጅ ቢገባበትም መድኃኒቱ መርዝ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከዚህ የተነሣ ብዙ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር መቃብር ወርዷል።

ዘመናዊው ሕክምና ይህን አጥር ሊያፈርስ የመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኰንኖችንና ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ሲልክ፣ ዓላማው ሕዝቡ ስለ ራሱ ጤና እንዲያውቅ ጭምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የወጣው የመሠረታዊ ጤና እንክብካቤ መግለጫም ሰዎች በጤና እንክብካቤያቸው ዕቅድና አፈጻጸም የመሳተፍ መብትም ግዴታም እንዳላቸው አስታውቋል። ዳሩ ግን ካርዱ ላይ ሲደረስ አጥሩ በሌላ መልክ ተሠራ። በኢትዮጵያ የታካሚው ታሪክ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም በምሕጻረ ቃልና በችኩል እጅ ጽሕፈት። ስቃይዋን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የተናገረች እናት ቃሏ በማታውቀው ቋንቋ ተገልብጦ ይቀመጣል። ቅኔ እንኳ ሰሙን ለሁሉ ሰጥቶ ወርቁን ለሚፈታው ያቆያል፤ ካርዱ ግን ሰሙንም ወርቁንም ለባለታሪኳ ይነሣታል።

እዚህ ላይ በጤና ሠራተኛው ኅሊና ውስጥ ሁለት ምስጢሮች ተቀላቅለው ይገኛሉ። አንደኛው የታካሚው ምስጢር ነው፤ ሁለተኛው የባለሙያው። በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው ጥንታዊ መሐላ ሐኪሙ በሰዎች ሕይወት ውስጥ ካየውና ከሰማው ሊወራ የማይገባውን እንዲሰውር ያዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም የሙያ ምስጢር ያወጣውን ይቀጣል። መሐላውም ሕጉም ታካሚውን የሚጠብቁት ከሌላ ሰው ዓይን ነው። እውነት ነው፣ በዚያው በሂፖክራተስ ስም ከተሰበሰቡት ጽሑፎች አንዱ ሐኪሙ አብዛኛውን ነገር ከበሽተኛው እንዲሸሽግ ይመክራል፤ ይህ ግን ምክር እንጂ መሐላ አልነበረም። ምክሩ ሲውል ሲያድር ወደ መሐላው ገባ፤ ባለሙያውም ታካሚውን ከሌላ ሰው እየጠበቀ እንደሆነ አምኖ ታካሚውን ከገዛ ታሪኩ ሲጠብቅ ኖረ።

የንስሐ አባት የሰማውን በልቡ ይይዛል እንጂ አይጽፈውም፤ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ሐኪሙ ግን መጻፍ አለበት፤ ካልጻፈ ተረኛዋ ነርስ ሌሊት ምን እንደምታደርግ አታውቅም። የተጻፈ ምስጢር ደግሞ እግር ያወጣል። እንግዲህ የሰውን ገበና የጻፈ ሁሉ ሁለት ዕዳ ተሸክሟል፤ ለባለቤቱ መግለጥና ከባዕድ መጠበቅ። አንዱን ከፍሎ ሌላውን የሚያስቀር ዕዳውን አልከፈለም።

በቅርብ ዓመታት በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ስለ ኤሌክትሮኒክ የግል ጤና መዝገብ ያላቸውን ዕውቀትና አመለካከት የመረመሩ ጥናቶች ተካሂደዋል። እንዲህ ያለው ጥናት የሚሠራው በመጠይቅ ነው። ባለሙያው አሠራሩን ያውቅ እንደሆነ፣ ጥቅሙን ይረዳ እንደሆነ፣ ኮምፒዩተር ሠልጥኖ እንደሆነ፣ ለታካሚዎቹ ቢሰጥ ይደግፍ እንደሆነ ይለካል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን የሥነ ምግባሩ ነገር መጠይቁ ካቆመበት ይጀምራል። አንዲት ነርስ ስለ አሠራሩ የተጠየቀችውን ሁሉ በትክክል መልሳ፣ ታካሚው አንገቱን ወደ ኮምፒዩተሩ ሲያሰግግ ግን «እዚህ አይታይም!» ብላ ልትገሥጽ ትችላለች። ሌላዋ ስሙን እንኳ ሰምታ አታውቅም፤ ነገር ግን የመድኃኒቱን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፋ፣ ጮክ ብላ አንብባ፣ «እስቲ አሁን እርስዎ ይንገሩኝ» ብላ ታስደግማለች። በመጠይቁ ፊተኛዋ «በቂ ዕውቀት አላት» ትባላለች። የግል ጤና መዝገብን መንፈስ የያዘችው ግን ኋለኛዋ ናት።

ይህ ሲባል የባለሙያዎቹን ሥጋት መናቅ አይገባም። የመጀመሪያው ሥጋት የሥራ ብዛት ነው። ከጧት እስከ ማታ ሕዝብ የሚያይ ባለሙያ አንዱን ነገር በወረቀትም በኮምፒዩተርም ሁለት ጊዜ እንዲጽፍ ይታዘዛል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። ዓይኑ በኮምፒዩተሩ ላይ ተተክሎ ታካሚውን ቀና ብሎ ሳያይ ይሸኘዋል። ይህ ቅሬታ እውነተኛ ነው። መልሱም ያለው ከአስተዳዳሪዎች ዘንድ ነው፤ ድርብ ሸክም ጭኖ «አመለካከትህ ደካማ ነው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሁለተኛው ሥጋት ታካሚው ያነበበውን በቅጡ ሳይረዳ ይደነግጣል የሚል ነው። ይህም በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። በኢትዮጵያ ባህል መርዶ ሥርዓት አለው። ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ቃሉን የሚናገር ሰው ይመረጣል፤ ለቅሶውን የሚደግፍ ትከሻ አስቀድሞ ይዘጋጃል። አንዲት ሴት ካንሰር እንዳለባት የሚገልጽ የላቦራቶሪ ውጤት ሌሊት ብቻዋን ሳለች በስልኳ ቢደርሳት፣ እውነቱ ተነግሯታል፤ ነገር ግን በጭካኔ ተነግሯታል። በሌላ በኩል ልጇ ወይም ባሏ ብቻ ተጠርቶ «አይንገሯት» ሲባል፣ ርኅራኄ የሚመስለው ነገር ቀሪዎቹን ወራት ይሰርቃታል። ዕዳዋን ሳትከፍል፣ የተጣላችውን ሳትታረቅ፣ ለልጆቿ ሳትናዘዝ ትሄዳለች። የመርዶ ሥርዓት የሚያስተምረው በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ነው። ያገር ሰው ለመርዶ ጊዜና ተናጋሪ መረጠ እንጂ መርዶውን አላስቀረም። የጤና ሠራተኛውም ሙያ ከዚህ ላይ ይታያል፤ ከባዱን ውጤት መዝገቡ ከመግለጡ በፊት እርሱ ተገኝቶ ሊናገረው ይገባል።

ሦስተኛው ሥጋት በግልጽ አይነገርም፤ ያውም ከሁሉ ይበረታል። ባለሙያው የጻፈው ከተነበበ ስሕተቱም ይነበባል። ታካሚውን «አስቸጋሪ» ወይም «ትእዛዝ የማይቀበል» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ያ ሰው ራሱ ቃሉን ሲያነብ ምን ይላል? አሜሪካዊው ሐኪም ሎውረንስ ዊድ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፉ የሕክምና መዝገብ በታካሚው ችግሮች ቅደም ተከተል እንዲደራጅ፣ የሐኪሙም አስተሳሰብ በግልጽ እንዲታይና እንዲመረመር ጠይቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ በዚያው በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ሁለት ጸሐፊዎች የመዝገቡ ሙሉ ግልባጭ ለታካሚው እንዲሰጥ በሕግ ይደንገግ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ሥራ ላይ ለመዋል ብዙ ዓመታት ፈጀ።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በሦስት ቦታዎች፣ ይኸውም በቦስተን፣ በፔንሲልቬንያና በሲያትል፣ 105 ሐኪሞች ማስታወሻቸውን ለታካሚዎቻቸው በኮምፒዩተር ከፈቱ። በሙከራው ከ13,000 በላይ ታካሚዎች ገቡበት። ብዙ ሐኪሞች አስቀድመው የፈሩት እንደተለመደው ነበር፤ ሕዝቡ ይደነግጣል፣ ይቆጣል፣ በጥያቄ ያጨናንቃል ብለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ ሲታተም፣ በማንበባቸው ግራ ተጋባን፣ ተጨነቅን ወይም ተቀየምን ያሉት ታካሚዎች እንደየቦታው ከመቶ ከ1 እስከ 8 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከተጠየቁት ታካሚዎች ከመቶ 99ኙ አሠራሩ እንዲቀጥል ፈለጉ፤ ከሐኪሞቹም ማስታወሻዬን ልዝጋ ያለ አልተገኘም። ፍርሃቱ ውሸት አልነበረም፤ መጠኑ ግን የተሳሳተ ነበር። ታዲያ እነዚያ ሐኪሞች አመለካከታቸውን ያስተካከሉት በስብከት አልነበረም። ከፍተው አዩት።

ይሁን እንጂ በዚያው ጥናት ከመቶ ከ26 እስከ 36 የሚሆኑት ታካሚዎች ስለ ምስጢራቸው እንደሚሠጉ ተናግረዋል። ሥጋታቸው ከንቱ እንዳልነበረ ከስምንት ዓመት በኋላ በሌላ አገር ታየ። እ.ኤ.አ. በ2020 በፊንላንድ ከአንድ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት የተሰረቀ መዝገብ ይፋ ወጣ፤ ከ30,000 በላይ የሆኑ ሰዎች ለሐኪማቸው ብቻ ያወጡት ጭንቀትና ኀፍረት በሌባ እጅ ገብቶ «ክፈሉ፣ አለዚያ እናወጣዋለን» የሚል ማስፈራሪያ ደረሳቸው። በሽታቸውን ያልደበቁት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ የተከፈላቸው ግን ይህ ነው። ከዚህ በኋላ «ንገረኝ፣ አትደብቀኝ» የሚል ሐኪም ቃሉ ምን ያህል እንደሚከብድ ማወቅ አለበት።

አደጋው የግድ ከሩቅ ሌባ አይመጣም። በብዙ ቤት ስልክ አንድ ነው። ባል ይከፍተዋል፣ ወንድም ይከፍተዋል፣ ልጅ ይጫወትበታል። የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት የምትጠቀም ሚስት፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ወጣት፣ «የግል» የተባለው መዝገባቸው በእንዲህ ያለ ስልክ ላይ ቢቀመጥ ግልነቱ ከስሙ አያልፍም። ስለዚህ በጎ አመለካከት ማለት ሁሉን መክፈት ማለት አይደለም። አንድ ባለሙያ መዝገቡን ከመስጠቱ በፊት «ስልክሽን ሌላ ሰው ይይዘዋል?» ብሎ ከጠየቀ፣ ይህች አንዲት ጥያቄ ከብዙ ሥልጠና ትበልጣለች። በኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2008 በተጀመረው የጤና መረጃ ሥርዓት እያንዳንዱ ዜጋ የራሱን መዝገብ ከማየት አልፎ መዝገቡን ማን እንደከፈተው ጭምር ያያል። ጠባቂውም ይጠበቃል ማለት ነው። ታማኝ ሠራተኛ ይህን እንደ ስድብ አይቈጥረውም፤ ገንዘብ ያዥ ሒሳቡ ሲመረመር እንደማይቀየም ሁሉ።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚሆን መሠረት የለም ማለት አይቻልም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በየቀበሌው ተሠማርተው ከቤት ቤት ዞረዋል። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ማኅደር በጤና ኬላው እንዲቀመጥ ተደርጓል፤ በኋላም በብዙ ቦታ ወረቀቱ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ መተካት ጀምሯል። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተዘረጋው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ከአራቱ ዐበይት አጀንዳዎች አንዱ «የመረጃ አብዮት» የተባለው ነበር፤ ሌላው ደግሞ ተንከባካቢ፣ አክባሪና ሩኅሩኅ ባለሙያ ማፍራት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤናን መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦ፣ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል።

ቅራኔው ግን እዚህም አልቀረም። የጤና ኬላው መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ወደ ላይ እየታየ ነው። የተከተቡት ሕፃናት ተቆጥረው ወደ ወረዳ ይላካሉ፤ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይወጣሉ። የቁጥሩ ጥቅም አይካድም፤ ያለ እርሱ መድኃኒት በጊዜው አይደርስም፣ ወረርሽኝም አይታወቅም። ነገር ግን ሪፖርቱ ያን ሁሉ ደረጃ ሲወጣ፣ ለልጂቱ እናት «ቀጣዩ ክትባት መቼ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ የሚወርድ ካልተገኘ፣ መዝገቡ የተጻፈው ስለ እርሷ እንጂ ለእርሷ አይደለም። ሁልጊዜ ለበላይ ሲጽፍ የኖረ ሠራተኛ ለታካሚው መጻፍ ቢከብደው አያስገርምም። ሳያውቀው የተማረው ይህን ነውና። «የመረጃ አብዮት» እና «አክባሪ ባለሙያ» የተባሉት ሁለት አጀንዳዎች በእውነት የሚገናኙት መዝገቡ ወደ ባለቤቱ በተመለሰ ዕለት ነው።

ስለዚህ የባለሙያው አመለካከት እንዲለወጥ የሚሹ ሁሉ ከኮምፒዩተር ሥልጠናው ጋር ሌላም ነገር ማሰብ አለባቸው። አስተዳዳሪዎች ድርቡን ጽሕፈት ማንሣትና ምስጢር መጠበቂያውን ማጥበቅ ይኖርባቸዋል። የሕክምና መምህራን ተማሪውን ጥሩ ማስታወሻ ማለት ታካሚው ቢያነበው የማያሳፍር ማለት መሆኑን ሊያስተምሩት ይገባል። የቋንቋ ሰዎችና ደራስያንም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደሉም። የበሽታው፣ የመድኃኒቱና የምርመራው ስም በሕዝቡ ቋንቋዎች ጥርት ብሎ ካልተጻፈ፣ የተከፈተው መዝገብ የተዘጋ ሆኖ ይቀራል። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ የሚያነብለት ታማኝ ሰው ያስፈልገዋል፤ ይህም ሰው ከጤና ሠራተኛው የሚቀርብ የለም።

ይህ ሁሉ እስኪሟላ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። እኚያ እናት ነገ ተመልሰው ይመጣሉ። አዲሱ ካርድ ወጥቷል፤ ሐኪሙ አንድ ነገር ጻፈበት፤ እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው ሊነሡ ሲሉ ቆም ብለው ይጠይቃሉ።

«ልጄ፣ ምን ይላል?»

የትኛውም መጠይቅ ከዚህ የበለጠ የባለሙያውን ዕውቀትና አመለካከት አይለካም። «ይቺ የእኛ ሥራ ናት፣ እማማ» ብሎ ሊሸኛቸው ይችላል። ወይም ወንበሩን ጠጋ አድርጎ፣ ካርዱን ወደ እርሳቸው አዙሮ፣ «የእርስዎ ነው፤ ላንብብልዎ» ሊላቸው ይችላል።